ለደንበሌ ሚካኤል የተሰፋው ድባብ

ጋሽ አባተ ድባቡን በላስቲክ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው ወደ ቅጥቅጧ ሲመጡ ከሩቅ አየኋቸውና ደሜ ፈላ። የምንሄደው ጎጃም አይደለም። እዚሁ ካፋ ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ ሺሺንዳ፣ ከዚያ ደካ አካባቢ። የጎጃም ሚካኤል ድባብ ደካ ምን ይሠራል?

«ይሄ ደግሞ የት ሊሄድ ነው፣ ጋሽ አባተ?»

«ቤቱ ያፈሳል። ትቼው ብሄድ ሻጋታ ይበላዋል።»

«በዚች አጭር ጉዞ?»

«አንቺ የቦንጋን ሻጋታ አታውቂውም።»

ይህን የሚሉት ለእኔ ነው፤ ቦንጋ ተወልጄ፣ ቦንጋ ወልጄ፣ ከፋይና ሐር ከሻጋታ ስደብቅ ፀጉሬ ለሸበተው ለፍሬ። ልመልስላቸው ስል ዓይናቸውን አየሁት። እንቅልፍ ያየ ዓይን አልነበረም።

ድባቡን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ገበያ ውስጥ ያለችው ስፌት ቤቴ የካህናት ልብስ፣ መጋረጃና የታቦት ጥላ በመስፋት ትታወቃለች። እንደዚያ ያለ ሥራ ግን ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ከእጄ አልወጣም። ቀይ ከፋይ ነው፤ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ይወርድበታል፤ ፊት ለፊቱ ላይ ደግሞ «ለደንበሌ ሚካኤል» የሚል ጽሑፍ በወርቃማ ክር ጠልፌበታለሁ። ገበር ላግባበት ስል ጋሽ አባተ እምቢ አሉ። «ተሸክሜው የምወጣው አቀበት አለ፤ ይቅለል» አሉኝ። ደንበሌ የተወለዱበት መንደር ነው።

ነገሩ የእናታቸው ስለት ነው። ጋሽ አባተ በደርግ ጊዜ፣ ገና ጢማቸው በወጉ ሳይበቅል፣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆነው ካፋ ሲመደቡ እናታቸው ካፋ የት እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው አጡ። አንዱ «ፀሐይ ከምትገባበት ወዲያ ነው» አላቸው መሰለኝ፣ ሮጠው ደንበሌ ሚካኤል ደጅ ተንበረከኩና «ልጄን በሄደበት አገር በደህና ካኖርክልኝ ድባብ አገባለሁ» ብለው ተሳሉ። ሳያደርሱት አለፉ። ስለቱ ለልጅየው ተረፈ። ልጅየው ደግሞ ቦንጋ ላይ የእኛን የካፋ ልጅ፣ እትዬ ላቀችን አገቡ፣ ልጆች አሳደጉ፣ እትዬ ላቀችን ቀበሩ፣ ጡረታ ወጡ። እስከዚያ ድረስ እጃቸው አልተፈታም። ሲፈታ ወደ እኔ መጡ። ድባቡ ባለቀ ዓመት ሰሜኑ ታመሰና መንገዱ ተዘጋ። በአውሮፕላን ባሕር ዳር ቢደርሱ እንኳ ከዚያ ወደ ደንበሌ የሚያስገባ አልነበረም። በሰው ይላኩት ብንላቸው «በእጄ ነው የማስረክበው» ብለው ድርቅ አሉ።

አይ ያ መንገድ! የጉዞ ማኅበራችን በየዓመቱ ወደ ሰሜን ይወጣ ነበር። አንዱን ዓመት ላሊበላ፣ አንዱን ግሸን፣ አንዱን የጣና ገዳማት። ትልቁ አውቶቡስ ጣሪያው ላይ ስንቅና ፍራሽ ተጭኖ ይነሣል፤ እኛ ሴቶቹ እስከ ጅማ መዝሙር አናቋርጥም። ጋሽ አባተ ከሾፌሩ አጠገብ ቆመው ወንዝ በተሻገርን ቁጥር ያስተምሩናል። ጎጀብ ላይ «ይሄ ኦሞ ይገባል» ይላሉ። ጊቤ ላይ «ይሄም ኦሞ ይገባል» ይላሉ። ዓባይ በረሃ ቁልቁል ስንገባ ግን ድምፃቸው ይቀየርና «ይሄኛው የኔ ነው!» ሲሉ አውቶቡሱ በሳቅ ይፈርሳል። በየዓመቱ ያው ቀልድ፣ በየዓመቱ ያው ሳቅ።

የደረስንበት አገር ሰው «ከየት መጣችሁ?» ይለናል። «ከካፋ» ስንል አፉን ይይዛል። አንድ ጊዜ አንዲት የጎጃም ሴትዮ፣ በዕድሜ እናቴን የምታህል፣ «ይህን ሁሉ አገር አቋርጣችሁ!» ብላ እግሬን አጠበችኝ። እምቢ ብላት አልሰማችኝም። ውሃውን ሞቅ አድርጋው ነበር። የዛሬን አያድርገውና፣ የማን ዘር ነሽ ያለኝ አልነበረም። ያ ውሃ እስከ ዛሬ እግሬ ላይ አለ። ይናፍቀኛል፤ እስኪያመኝ ድረስ ይናፍቀኛል።

ሾፌራችን ያኔም ዛሬም ሰላሐዲን ነው። እኛ ቅዳሴ እስክንጨርስ ከአጥሩ ውጭ ምንጣፉን ዘርግቶ ይሰግዳል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ ጎማውን ይመታል። አንድ ልማድ አለው። የመልሱ ጉዞ ሊጀመር ሲል በሩ ላይ ይቆምና ስለት ያለበትን ሰው ሁሉ «ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። «ደረሰ» ካሉት «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ያሳፍራል። ያልሆነለት «ለከርሞ» ይላል፤ ሰላሐዲንም «ኢንሻአላህ፣ ለከርሞም የማመጣህ እኔ ነኝ» ብሎ ያንንም ያሳፍራል። ጋሽ አባተ ያን ሁሉ ዓመት «ለከርሞ» ሲሉ ነው የኖሩት።

መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ማኅበሩ ደርቆ ሊቀር ነበር። ወርሃዊው ጽዋ ላይ እንኳ የምናወራው ስለ ድሮው ጉዞ ብቻ ሆነ። ዘንድሮ ነው «ሰሜኑ ቢቀር የራሳችንን ደብሮች መቼ አየናቸውና?» ተብሎ በካፋ ያሉትን የጥንት አብያተ ክርስቲያናት ለመሳለም የተነሣነው። ለኅዳር ሚካኤል ደካ አካባቢ ያለው ሾጊ ሚካኤል እንድንደርስ ተቆረጠ። ጋሽ አባተ ሲሰሙ «ይሄም ጉዞ ሆኖ!» አሉ። ግን ከሁሉ ቀድመው ተመዘገቡ።

ከመነሣታችን በፊት በነበረው ሳምንት ስፌት ቤቴ ተቀምጠው ሳሉ እህታቸው ትርንጎ ከደንበሌ ደወለች። እዚያ ኔትወርክ ከጠፋ ወራት አልፎታልና ብድግ ብለው አነሡት። ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ለቀቅ አድርገው ነው የሚያወሩት። ሳልፈልግ ሰማሁ አልልም፤ የስፌት መኪናዬን ያቆምኩት ለመስማት ነው።

«ድባቡ ደህና ነው፤ መንገድ ይከፈት እንጂ...» ሲሉ አቋረጠቻቸው።

«ወንድም ዓለም፣ የእኛ ሚካኤል ድባብ አላጣም። ያጣው ድባብ የሚይዝለት ጎረምሳ ነው። ልጆቹ ሁሉ ተበተኑ። ዓምና ታቦቱን ያጀብነው አሮጊትና ሽማግሌ ነን። እዚያው ላለው ሚካኤል ስጠው።»

«የደንበሌን ስለት ለሌላ ደብር? አብደሻል እንዴ?»

«እማዬ ምን ነበር ያለችው? በሄደበት አገር በደህና ካኖርክልኝ አይደል ያለችው? ያኖረህ የት ነው?»

ሳይመልሱላት መስመሩ ተቋረጠ። ደግመው ሞከሩ፤ እምቢ አለ። ስልኩን ኪሳቸው ከተው «ትርንጎ አርጅታለች» አሉኝ። ትርንጎ ታናሻቸው ናት።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ነው ድባቡን ይዘው ቅጥቅጧ ውስጥ የገቡት። ሺሺንዳ ላይ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን፣ ገበያው ዳር ሙዝ ገዝተን፣ ጥቂት ስቀን አለፍን። ጋሽ አባተ እንደ ድሮው ከሰላሐዲን አጠገብ ነበሩ፤ ግን ቃል አይወጣቸውም። ድልድይ ላይ ሰላሐዲን በጎን አያቸውና «ጋሽ፣ ወንዝ ተሻገርን እኮ!» አላቸው።

«አየሁት» አሉ።

ሾጊ ሚካኤል መኪና አይደርስም። ከመንገዱ ወርደን ጫካውን በእግር ወጣን። ጭቃው ይይዛል፣ ጉሙ ከዛፎቹ መሃል አይወጣም፣ ግንዱ ሁሉ ሽበት አብቅሏል። ድባቡን ልያዝልዎት ያለውን ሁሉ በክርናቸው ገፉት። ተሸክሜው የምወጣው አቀበት አለ ያሉኝ ትዝ አለኝና አንጀቴን በሉኝ። አቀበቱ ይኸው ነው፤ አገሩ ነው የተለየው።

የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ሐዲስ ተቀበሉን። አማርኛቸው የአባቴ ዓይነት ነው፤ በካፊኖኖ አስቦ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው አማርኛ። አሮጌውን በር፣ ከበሮውን፣ ለነገው ንግሥ የተዘጋጀውን ሁሉ አዙረው አሳዩን። ጥግ ላይ የቆመ ጥላ አየሁና ሳቅ አመለጠኝ። መንገድ ዳር የስልክ ካርድ የሚሸጡ ልጆች የሚቀመጡበት ትልቁ የማስታወቂያ ጥላ ነው! ማስታወቂያው ላይ አቡጀዲ ሰፍተውበታል። አቡጀዲው ግን ሳስቶ ከሥሩ ስልክ የምታወራ የአንዲት ልጅ ጥርስ ይታያል።

«ድባባችንን እርጥበቱ በላው» አሉ ቄስ ሐዲስ አንገታቸውን ደፍተው። «ታቦቱ ደግሞ ዝናብ ላይ አይወጣ። ሚካኤል ይታገሠናል ብለን ነው።»

አፌን በነጠላዬ ጫፍ ሸፈንኩ።

«ነገ የሚወጣው በዚህ ነው?» ጋሽ አባተ ጠየቁ።

«በዚሁ ነው፣ ጌታዬ።»

ጋሽ አባተ ጥላውን አዩት። አቡጀዲውን ዳሰሱት። ከዚያ መሬት ተቀመጡና ላስቲካቸውን መፍታት ጀመሩ። ቋጠሮው አስቸገራቸው፤ ልረዳቸው ስል እጄን መለሱት። ድባቡ ሲዘረጋ ጨለም ያለው ቅኔ ማኅሌት ቀላ፤ ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች።

«እናቴ የተሳለችው ለደንበሌ ሚካኤል ነው» አሉ ጋሽ አባተ። «ያኖረኝ ግን እዚህ ነው። ካፋ አብልቶኛል፣ ድሮኛል፣ ልጆቼን አሳድጎልኛል። አባቴ፣ ይቀበሉኝ ይሆን?»

ቄስ ሐዲስ ሊመርቁ እጃቸውን ሲያነሡ ነው ሚሊዮን የተናገረው። ሚሊዮን የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ፣ የወረዳ ሠራተኛ ነው። ቦንጋ ሲማር ጋሽ አባተ አስተምረውታል።

«ቲቸር፣ ስጦታው ትልቅ ነው፤ ጽሑፉ ግን...» አለና ወደ ጥልፉ ጠቆመ። «ነገ ከየቀበሌው ሰው ይመጣል። አንዱ ፎቶ አንሥቶ ፌስቡክ ላይ ይለጥፈዋል። ካፋ ላይ የጎጃም ስም ምን ይሠራል ይባላል። እኛም እንሰደባለን፣ እርስዎም ይሰደባሉ። ጊዜውን ያውቁታል።»

«አንተ! ካርታ ማንበብ ያስተማረህን ሰው ነው የትውልድ አገሩን ስም ፋቅ የምትለው?» ብዬ ጮህኩ። ቤተ መቅደስ አጠገብ መሆኔን ረስቼዋለሁ።

ሚሊዮን አቀረቀረ። ክፉ ልጅ ሆኖ አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። ዘንድሮ የማይፈራ ማን አለ?

ጋሽ አባተ ግን አልተቆጡም። «ልጄ ልክ ነው» አሉ። «ለዚህ ቤት ከሰጠሁ የዚህ ቤት ነው። ፍሬ፣ ፍቺው።»

«አልፈታም!»

«የመልአኩን ስም ተዪው። የደንበሌን ፍቺ።»

ከሰዓት በኋላውን ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጬ የገዛ ጥልፌን በምላጭና በመርፌ ስፈታ ዋልኩ። እያንዳንዱን ክር ስቆርጥ የምቆርጠው ጣቴን ይመስለኝ ነበር። ጋሽ አባተ ከፋዩን ወጥረው ያዙልኝ። አንድ ፊደል ባለቀ ቁጥር ክሩን እየለቀሙ መሐረባቸው ላይ ያስቀምጡታል፤ አንዲት እንኳ መሬት አላስወደቁም።

«ለኅዳር ሚካኤል ጤፉ ይደርሳል» አሉኝ በመሃል። «አጫጁ ማጭዱን ጥሎ ይመጣል። እናቴ ታቦቱ ሲያልፍ ከኋላዬ ትገፋኝ ነበር፤ ከድባቡ ሥር ያለፈ ልጅ ክፉ አይነካውም ትላለች። አንድ ጊዜ ስትገፋኝ ወደቅሁና ከዘርፉ አንዲት ክር እጄ ውስጥ ቀረች። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ሳለቅስ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። ትምህርት ቤት እስክገባ እዚያው ነበረች።»

«የት ደረሰች?»

«እንጃ። ልጅ አይደለሁ? ጣልኳት።»

ሥራው ሲያልቅ ሚሊዮን መጣና ድባቡን አየው። ከከፋዩ ላይ በወርቃማ ክር የቀረው «ሚካኤል» የሚለው ብቻ ነበር። «አይታወቅም» አለ። ከፋይ መርፌን እንደማይረሳ ለእሱ መንገር አላስፈለገኝም።

በማግሥቱ ታቦቱ የወጣው በካፊያ ነው። ቄስ ሐዲስ ታቦቱን አክብረው በነጭ ካባ፣ ሚሊዮን ከጎናቸው ድባቡን ይዞ፣ ከበሮው፣ እልልታው፣ በካፊኖኖ የሚዘመረው መዝሙር። ከየቀበሌው የመጣው ሕዝብ ድባቡን ሲያይ አጨበጨበ። እኔ ግን የማየው ሌላ ነበር። ገበር የለውማ! ካፊያው እኔ በፈታሁት ቦታ እየሠረገ የቄስ ሐዲስን ደረት ያረጥበዋል። ሥራዬ በአደባባይ ሲያፈስ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሽ አባተ አጠገቤ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በዚያች ሰዓት ደንበሌም ታቦቱ ወጥቷል፤ ትርንጎና አሮጊቶቹ አጅበውታል። የሚያስቡት እሱን እንደሆነ ሳይነግሩኝ አውቃለሁ።

ታቦቱ ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ በምሥራቅ በኩል ሲመጣ ካፊያው አባራና ጉሙ ተከፈተ። የጠዋት ፀሐይ ድባቡን ፊት ለፊት መታችው። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ብርሃኑ በመርፌ ቀዳዳዎቹ ሾልኮ በቄስ ሐዲስ ነጭ ካባ ላይ፣ በነጠብጣብ በነጠብጣብ፣ አንድም ፊደል ሳይጎድልበት ተጽፏል። «ለደንበሌ»።

ሚሊዮንም አየው። ቀና ብሎ ድባቡን፣ ዝቅ ብሎ ካባውን፣ ከዚያ ሕዝቡን አየ። እጁን ትንሽ ቢያዘነብል ይጠፋ ነበር። ዓይኔን አፍጥጬ ያዝኩት። ከእኔ ዓይን ዓይኑን ነቅሎ ወደ ጋሽ አባተ ተመለከተ። ጋሽ አባተ እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ፣ እንደ ተማሪ አፋቸውን እያንቀሳቀሱ ያነባሉ። ሚሊዮን ዘንጉን በሁለት እጁ ጨበጠና ቀጥ አድርጎ ያዘው። ፀሐይዋ እስክትሸፈን ድረስ ንቅንቅ አላለም።

እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ከኋላቸው ሆኜ ጋሽ አባተን በሁለት እጄ ገፋኋቸው። ዞረው እንኳ አላዩኝም። ጎንበስ ብለው በድባቡ ጫፍ ሥር ሲያልፉ የብርሃኑ ፊደል በነጠላቸው ላይ ሄደ፤ ወርቃማው ዘርፍ ራሳቸውን ነካቸው።

ጫካውን ወርደን መኪናው ጋ ስንደርስ ሰላሐዲን እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆሟል። ጋሽ አባተ ባዶ እጃቸውን ሲመጡ አይቶ ዝቅ ባለ ድምፅ «ደረሰ?» አለ።

«ለ...» ብለው ጀመሩ፤ አፋቸው ለምዶታላ። አቆሙና ክሩን የቋጠሩበት መሐረብ ያለበትን የደረት ኪሳቸውን ያዙ። «ደረሰ» አሉ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሰላሐዲን። ፊቱን ወደ ጎማው አዙሮ ቆየ።

ወደ ቦንጋ ስንመለስ ዝናቡ እንደገና ያዘን። አንዲት ከጫካ የምትወርድ ወንዝ ጋ ስንደርስ ቅጥቅጧ ድልድዩ ላይ ዝግ አለች። ጋሽ አባተ ተነሥተው እንደ ድሮው ከሾፌሩ አጠገብ ቆሙ።

«ይህቺ ወዴት ትገባለች፣ ጋሽ?» አለ ሰላሐዲን።

ጋሽ አባተ ጭጋግ በሸፈነው መስታወት ውጭውን አዩ።

«የትም ትግባ» አሉ። «የኔ ናት።»